አሸዋው ከወንዝ ወይስ ከካባ? የይፋት ቆላ ወንዞችና አዲሱ የግንባታ ማዕድን ቴክኖሎጂ

በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ ግንባታ ሲታሰብ ቀድሞ የሚታሰበው የወንዝ አሸዋ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ከደጋው የወረደው ደለል በወንዞቹ ወለል ላይ ይረጋል። በጋ ሲገባ አካፋ የያዙ ወጣቶች አሸዋውን ያወጡታል፤ የጭነት ተሽከርካሪዎችም በቢያጆ እየተቆጠረ ወደ ግንባታ ሥፍራ ያደርሱታል። የእነዚሁ ወንዞች ውኃ በበኩሉ በግራና በቀኝ ለተዘረጉት የሽንኩርት፣ የማሾና የማሽላ ማሳዎች የሕልውና ጉዳይ ነው። አንዱ ወንዝ የግንባታ ማዕድን ጎተራም፣ የመስኖ ምንጭም ኾኖ እያገለገለ ይገኛል።

ሁለቱ ጥቅሞች ለረጅም ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል። በእጅ የሚዛቀው አሸዋ ጥቂት በነበረበት ጊዜ ክረምት የወሰዱትን ይተካ ነበር። ዛሬ ግን ከተሞች እየሰፉ፣ የሲሚንቶ ምርት እየጨመረ፣ በአካፋ ምትክም ሎደርና ኤክስካቫተር ወደ ወንዝ መውረድ እየጀመሩ ሲኾን ሚዛኑ ይዛባል። በዓለም ዙሪያ ለዚህ ችግር መፍትሔ ተደርገው የተወሰዱ ቴክኖሎጂዎች አሉ። ድንጋይን ፈጭቶ አሸዋ ማምረት፣ አሸዋን አጥቦና ለይቶ ማቅረብ እንዲሁም የወንዝን ወለል በሳተላይትና በቅየሳ መሣሪያ መከታተል ይገኙባቸዋል። እነዚህ ቴክኖሎጂዎች ለይፋት ምን ይፈይዳሉ? ምንስ ያስከፍላሉ?

አሸዋ በሕግ ፊት ማዕድን ነው

ማዕድን ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ወርቅ፣ ኦፓል ወይም የድንጋይ ከሰል ነው። አካባቢው የእነዚህም ባለቤት ነው። ከይፋት ቆላ በላይ ባለው የመንዝ ደጋ መዘዞ አካባቢ በ1980ዎቹ አጋማሽ የተገኘው ኦፓል የኢትዮጵያን ስም በከበሩ ድንጋዮች ገበያ ካስተዋወቁት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። በሙሽ ሸለቆም ዕድሜው ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ የኾነ የከሰል ንጣፍ ይገኛል። ኾኖም የአብዛኛውን ነዋሪ ኑሮ በየዕለቱ የሚነካው ማዕድን አሸዋ፣ ጠጠርና የግንባታ ድንጋይ ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት መኾናቸውን ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ደግሞ አሸዋን በኮንስትራክሽን ማዕድናት ሥር ያስቀምጣል። ለአገር ውስጥ አልሚዎች የኮንስትራክሽን ማዕድን ፈቃድ መስጠትም የክልሎች ሥልጣን ነው። ስለዚህ ከወንዝ አሸዋ ማውጣት እንደ ማገዶ ለቀማ ያለ ነፃ ሥራ ሳይኾን ፈቃድ፣ ክፍያና ኃላፊነት የሚጠይቅ የማዕድን ሥራ ነው።

በአዋጁ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። የማዕድን ፈቃድ የሚጠይቅ አልሚ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲያቀርብ ሲያስገድድ፣ በባሕላዊ መንገድ ለሚያመርቱ ግን ይህን ግዴታ አላስቀመጠም። በአካፋ ለሚሠራ ሰው ጥናት አቅርብ ማለት ከባድ በመኾኑ ድንጋጌው ምክንያታዊ ነው። ችግሩ የሚመጣው በባሕላዊ ፈቃድ ስም ከባድ ማሽን ወደ ወንዝ ሲወርድ ነው። ያን ጊዜ የሥራው መጠን የትልቅ ኩባንያ፣ ግዴታው ግን የባለ አካፋ ይኾናል።

ወንዙ አሸዋውን ከየት ያመጣዋል?

ይፋት የሚገኘው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ወደ አፋር ዝቅተኛ ሥፍራ በሚወርዱበት ጠርዝ ሥር ነው። የጣርማበር አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሸዋ ሮቢት በ1 ሺህ 300 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በአጭር ርቀት ይህን ያህል የሚወርድ ውኃ ጉልበቱ ብርቱ ነው። የሮቢ፣ የጀውሃና የአታዬ ወንዞች በክረምት የደጋውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየሰባበሩና እየፈጩ ይወርዳሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ስለሚቀንስ መጀመሪያ ቋጥኙን፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ ከዚያም አሸዋውን ያራግፋሉ። ልሙ ደለል ደግሞ ከጎርፉ ጋር ወደ አዋሽ ተፋሰስ ሜዳ ይቀጥላል።

በሌላ አነጋገር ወንዝ የተፈጥሮ የድንጋይ መፍጫ፣ ማጠቢያና ወንፊት ነው። ሰው በማሽን ሊሠራ የሚሞክረው ይህንኑ የወንዝ ሥራ ነው። ልዩነቱ ወንዙ በዓመት የሚያመርተው የተወሰነ መጠን መኾኑ ነው። ከዚያ በላይ የሚወሰደው ከዓመቱ ምርት ሳይኾን ከተጠራቀመው ክምችት ላይ ነው። ገበሬ የዓመቱን እህል በልቶ ዘሩን እንደመንካት ያለ ነገር ነው።

አሸዋ ከመጠን በላይ ሲዛቅ

በደረቅ ወንዝ ወለል ላይ ያለ አሸዋ ውኃ ይይዛል። በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት የክረምቱን ውኃ ከፀሐይ ሸሽጎ ያቆየዋል። በቆላው ወንዝ ደርቆ ሳለ አሸዋ ጭረው ውኃ የሚቀዱ ሰዎችና እንስሳት የሚጠቀሙት ይህንን ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 500 ሜትር ርዝመትና 20 ሜትር ስፋት ካለው የወንዝ ወለል አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ ቢነሳ 10 ሺህ ሜትር ኩብ ይኾናል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ሲሰላ 625 ቢያጆ ነው። ከአሸዋው ይዘት ሩቡ ያህል ውኃ የሚለቅ ክፍተት ነው ቢባል፣ ከአሸዋው ጋር አብሮ የሚጠፋው የማከማቻ አቅም 2 ሺህ 500 ሜትር ኩብ ውኃ፣ ማለትም 2 ነጥብ 5 ሚሊዮን ሊትር ነው። የአሸዋው ሽያጭ በዚያው ዓመት ሲመዘገብ የጠፋው ውኃ ግን በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይታይም።

ሁለተኛው ጉዳት በመስኖ ጠለፋ ላይ ይደርሳል። ባሕላዊ ጠለፋ የሚሠራው የወንዙ ወለልና የቦዩ አፍ ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ሲኾኑ ነው። ወለሉ አንድ ሜትር ዝቅ ቢል ውኃው ከቦዩ አፍ በታች ያልፋል። ያን ጊዜ ገበሬዎች ጠለፋውን ወደ ላይኛው የወንዙ ክፍል ማራቅ፣ ወይም ነዳጅ የሚበላ ፓምፕ መግዛት ይገደዳሉ። ውኃውን በተራ የሚያከፋፍሉት የውኃ አባቶችም የሚያከፋፍሉት ያጣሉ።

ሦስተኛው ጉዳት ከተቆፈረበት ቦታ ርቆ ይሄዳል። ጎርፍ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ቁልቁለቱ ስለሚጨምር የጉድጓዱን የላይኛ ጠርዝ እየሸረሸረ ወደ ላይ ይጓዛል። በመንገዱ ላይ የሚገኝ የድልድይ መሠረት ይገለጣል፤ የወንዙ ዳርቻ ይናዳል፤ ማሳም አብሮ ይሄዳል። በመኾኑም ጉዳቱ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ አሸዋውን ባልሸጠ ሰው ላይ ነው።

የተፈጨ አሸዋ እንዴት ይመረታል?

የተፈጨ አሸዋ ከድንጋይ ካባ ይጀምራል። መጀመሪያ ድንጋዩ ይፈነቀላል። ቀጥሎ መንጋጋ በሚመስል መፍጫ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። ለጠጠር ምርት ሥራው እዚህ አካባቢ ይበቃል። ለአሸዋ ግን ሌላ ደረጃ ያስፈልጋል፤ ድንጋይን በከፍተኛ ፍጥነት እያሽከረከረ ከድንጋይ ጋር የሚያጋጭ መፍጫ የቅንጣቶቹን ሹል ጠርዝ ይሰብርና ቅርጻቸውን ያስተካክላል። ይህ ደረጃ ከተዘለለ የሚገኘው ምርት አሸዋ ሳይኾን የጠጠር መፍጫ ብናኝ ነው። በገበያ ላይ ሁለቱ አንድ ስም ይዘው ሊሸጡ ስለሚችሉ ገዢ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅመዋል።

ከመፍጫው የወጣው በወንፊት ይለያል። ለኮንክሪት የሚፈለገው አሸዋ ከ4 ነጥብ 75 ሚሊ ሜትር በታች የኾነ፣ ትልቁም ትንሹም ቅንጣት በተመጣጠነ መልኩ የሚገኝበት ነው። ከ0 ነጥብ 075 ሚሊ ሜትር በታች የኾነው ብናኝ ሲበዛ ኮንክሪቱ ተጨማሪ ውኃ ይጠይቃል፤ ውኃ ሲጨመር ደግሞ ጥንካሬው ይቀንሳል። ብናኙን ለመቀነስ ሁለት መንገድ አለ፤ በውኃ ማጠብ ወይም በአየር መለየት።

ውኃ በሚጎድልበት ቆላ ይህ ምርጫ ወሳኝ ነው። ማጠቢያው ከወንዝ እየቀዳ ድፍርሱን ወደ ወንዝ የሚመልስ ከኾነ ወንዙን ለማዳን የመጣው ቴክኖሎጂ ወንዙን ይጎዳል። ስለዚህ ድፍርሱ በተከታታይ ማጥለያ ገንዳዎች እየረጋ ውኃው ተመልሶ ሥራ ላይ እንዲውል ማድረግ የፈቃዱ አካል መኾን ይገባዋል። በአየር የሚለየው ዘዴ ውኃ አይፈልግም፤ ብናኝ የሚይዝ መሣሪያ ግን የግድ ይኖረዋል። ያለ መከላከያ የድንጋይ ብናኝ የሚተነፍስ ሠራተኛ ሳንባው ለማይድን ጉዳት ይጋለጣል። በማሳ ላይ የሚያርፍ ብናኝም የአትክልት ቅጠልን ሸፍኖ ዕድገቱን ያዳክማል።

ቴክኖሎጂው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት በፈሰሰበት የታላቁ ኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ግንባታ የድንጋይ መፍጫ በሥፍራው ተተክሎ ነበር። የግንባታ ማዕድን ሥራው ራሱ በየዘመኑ ሲለወጥ መምጣቱን ቃላቱም ይመሰክራሉ፤ ዛሬ በየገጠሩ የሚነገሩት «ካባ» እና «ቢያጆ» ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው።

ጥራት ለይፋት የሕይወት ጉዳይ ነው

የአሸዋ ጥራት በዚህ አካባቢ ከሌላው የበለጠ ክብደት አለው። በግንቦትና ሰኔ 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ ሺዎችንም ቤት አልባ አድርጓል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰቱት ተከታታይ መንቀጥቀጦችም ስጋቱ ያለፈ ታሪክ ብቻ አለመኾኑን አሳስበዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በግጭትና በጦርነት ከተጎዱት አታዬና ሸዋ ሮቢት ጋር በተያያዘም ብዙ መልሶ ግንባታ ተሠርቷል፤ ገናም ይቀራል። እነዚህ ቤቶች በምን ዓይነት አሸዋ እንደሚሠሩ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በኢትዮጵያ ደረጃ መሠረት በአሸዋ ውስጥ ያለው ጭቃና ደለል ከ6 በመቶ ሲበልጥ አሸዋው ሊታጠብ ወይም ሊመለስ ይገባዋል። ይህን ለመፈተሽ የሚያስፈልገው አንድ ቀጥ ያለ፣ ውስጡ የሚታይ ጠርሙስ ነው። እስከ ግማሽ ድረስ አሸዋ ይጨመራል፤ ውኃ ይሞላል፤ በደንብ ተንጦ ለሦስት ሰዓት ያህል ይቀመጣል። አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ይረጋል። የአሸዋው ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ኾኖ የጭቃው ንጣፍ ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አሸዋው መታጠብ አለበት። ይህ የመጀመሪያ ማጣሪያ እንጂ የቤተ ሙከራ ምትክ አይደለም፤ ነገር ግን ሲኖትራኩ ከማራገፉ በፊት በግንባታው ሥፍራ ሊሠራ ይችላል።

የተፈጨ አሸዋም ቢኾን ከማንኛውም ድንጋይ አይሠራም። በእሳተ ገሞራ አካባቢዎች የሚገኙ አንዳንድ ድንጋዮች በሲሚንቶ ውስጥ ካለው አልካሊ ጋር ይዋሐዳሉ። ከውኅደቱ የሚፈጠረው ጄል ውኃ እየሳበ ያብጣል፤ ከዓመታት በኋላም ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። በዚህ ጠባዩ ከሚታወቁት መካከል ዋነኛው ኦፓል ነው። መስታወት መሰል የእሳተ ገሞራ ድንጋዮችም ይከተሉታል። በመዘዞ ደጋ ለጌጥ የሚፈለገው ማዕድን በኮንክሪት ውስጥ ሲገባ ሕመም ነው ማለት ነው። ካባ ከመከፈቱ በፊት ድንጋዩን በቤተ ሙከራ ማስፈተሽ በሁለት ሳምንት ገደማ ውጤቱ የሚታወቅ ሥራ ሲኾን፣ ሳይፈተሽ የተገነባን ሕንፃ መጠገን ግን እጅግ ከባድ ነው። ጠጣርና ያልበሰበሰ ባዛልት አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ምርጫ ይኾናል።

ወንዝን መለካት

ሁሉም ግንባታ ከወንዝ አሸዋ በአንድ ጊዜ ይላቀቃል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ሁለተኛው የቴክኖሎጂ መስክ ልኬት ነው። ጥያቄው «ወንዙ ዘንድሮ ስንት አመጣ? ስንትስ ተወሰደ?» የሚል ነው። የወንዙ ወለል ከፍታ በተመረጡ ቦታዎች ከክረምት በኋላና ከክረምት በፊት ቢለካ ልዩነቱ ክረምት የተካውንና በጋ የተነሳውን መጠን ያሳያል። የቅየሳ መሣሪያ ባይገኝ እንኳ በድልድይ ምሰሶ ወይም በጽኑ ቋጥኝ ላይ የተቀባ የከፍታ ምልክት ጠቃሚ መረጃ ይሰጣል።

ከሰማይ የሚታየውም ብዙ ነው። የአውሮፓ ሴንቲነል 2 ሳተላይቶች በ10 ሜትር ደረጃ ያለ ምሥል በየጥቂት ቀናቱ በነፃ ያቀርባሉ። ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ከቻይና አምጥቃ ነበር። በእነዚህ ምሥሎች የጉድጓድን ጥልቀት ማወቅ ባይቻልም፣ የማውጫው ስፋት ከተፈቀደው ክልል መውጣቱን፣ አዲስ የመኪና መንገድ ወደ ወንዝ መከፈቱንና ዳርቻ መናዱን መለየት ይቻላል። የባለሙያ ሥራም ከቢሮ ተነስቶ ወንዞቹን ሁሉ ከመዞር ይልቅ ለውጥ ወደታየበት ቦታ መሄድ ይኾናል።

የባለ አካፋው ወጣት ዕጣ

አዲስ ቴክኖሎጂ ሲመጣ የሚነሳው ከባድ ጥያቄ የሥራ ጉዳይ ነው። አሸዋ ማውጣት መሬት ለሌላቸው ወጣቶች የበጋ ገቢ ነው። አንድ መፍጫ የብዙ አካፋዎችን ሥራ ይሠራል። የወንዙ በር ተዘግቶ የካባው በር ለባለ ገንዘብ ብቻ ከተከፈተ፣ ቴክኖሎጂው ወንዙን ያድን ይኾናል፤ ወጣቱን ግን ከሥራ ያፈናቅላል። ያን ጊዜ አሸዋ በሌሊት መውጣቱ አይቀሬ ነው።

ስለዚህ ሽግግሩ ደረጃ በደረጃ መኾን ይኖርበታል። የመጀመሪያው ደረጃ ርካሽ ነው፤ ወንፊት፣ ማጠቢያ ገንዳና የጥራት ፍተሻ። ታጥቦና ተለይቶ የቀረበ አሸዋ በአንድ ቢያጆ የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣ፣ ማኅበራት ጥቂት አውጥተው የተሻለ ገቢ እንዲያገኙ ያስችላል። ሁለተኛው ደረጃ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ መፍጫ በኅብረት ወይም በሊዝ ፋይናንስ መያዝ ነው። በዚህ ደረጃ ኤሌክትሪክ፣ መለዋወጫ፣ የሠለጠነ ኦፕሬተርና ቋሚ ገዢ ከወዲሁ መረጋገጥ አለባቸው፤ አለዚያ ማሽኑ ቆሞ ዕዳው ብቻ ይሄዳል።

ገበያው ግን አለ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዞን የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም እንዳለው ተገልጿል። በተለመደው የአንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋና ሦስት እጅ ጠጠር ቅይጥ ከታሰበ፣ ለእያንዳንዱ ኩንታል ሲሚንቶ ከእጥፍ የማያንስ አሸዋ ያስፈልጋል። ሲሚንቶው ወደተለያዩ አካባቢዎች ቢሰራጭም ስሌቱ አንድ ነገር ያሳያል፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ የሚያቅድ ዞን የአሸዋ ምንጭንም አብሮ ማቀድ አለበት።

የሌሎች ልምድ

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ባወጣው ሪፖርት ዓለም በዓመት 50 ቢሊዮን ቶን ያህል አሸዋና ጠጠር እንደምትጠቀም ገልጿል። የሕንዷ ኬረላ ግዛት በ2001 የወንዝ ዳርቻ ጥበቃና የአሸዋ ማውጣት ሕግ አውጥታለች፤ በደቡብ ሕንድ ግዛቶችም የተፈጨ አሸዋ በስፋት ሥራ ላይ ውሏል። ከይፋት ጋር ተመሳሳይ ደረቅ ወንዞች ያሉት የኬንያው ማኩዌኒ አውራጃ በ2015 ባወጣው ሕግ አሸዋን እንደ ውኃ ማከማቻ ጭምር ቆጥሮ ጥበቃ አድርጎለታል። የማኩዌኒ ልምድ ለቆላው ይበልጥ ይቀርባል፤ በዚያ አሸዋ በሽያጭ ዋጋው ብቻ ሳይኾን በውስጡ በያዘው ውኃም ይመዘናል።

አሁን ሊሠራ የሚችለው

ለይፋት ቆላ ትልቁን ማሽን ከመጠበቅ በፊት ሊጀመሩ የሚችሉ ሥራዎች አሉ። ፈቃድ ሰጪው አካል የማውጫ ቦታዎችን ከመስኖ ጠለፋ፣ ከድልድይና ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ማራቅ፣ የሚወሰደውን ጥልቀትም በፈቃዱ ላይ በቁጥር ማስፈር ይችላል። ከባድ ማሽን የሚጠቀም ሁሉ በባሕላዊ አምራች ስም እንዳይስተናገድ መለየት ይገባል፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ለዚህ መሠረት ይኾናል። የውኃ አባቶችና የመስኖ ተጠቃሚ ማኅበራት ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስ አስተያየት የሚሰጡበት ወንበር ያስፈልጋቸዋል፤ የወንዙ ወለል ዝቅ ማለቱን ከሁሉም ቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸውና። ቤት የሚሠራ ሰውም በጠርሙስ ፈትሾ የሚገዛ ከኾነ ንጹሕ አሸዋ የሚያቀርበውን ያበረታታል።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይመሠረታሉ፤ ወንዙ ዛሬ ያለበትን ደረጃ በማወቅ ላይ። የሮቢ፣ የጀውሃና የአታዬ ወለል ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ተለክቶ ከተመዘገበ፣ ከክረምቱ በኋላ ስለሚዛቀው መጠን የሚደረገው ክርክር በግምት ሳይኾን በቁጥር ይኾናል። ሳይለካ ያለፈ ክረምት ግን ምን ያህል እንደተካ መልሶ ማወቅ አይቻልም።